ነጭ ፀጉር በጥቁር ኮት ላይ

አባቴ የሚደውለው መተሐራ ሲደርስ ነበር። «መተሐራ ገብቻለሁ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም፣ ደህና ናችሁ ወይ እንኳን የለም። ስልኩ ሲዘጋ እናቴ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ትነሳለች፤ እኔም ደብተሬን እወረውራለሁ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሱ ተሳቢ አዳማ እስኪገባ ሁለት ሰዓት ገደማ አለን። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ የድመቷን ፀጉር ከቤቱ ጠራርገን ማውጣት አለብን። አንዲት ከቀረች ዱላው እናቴ ላይ ነው።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ቤት ሲገባ የመንገድ ልብሱን አውልቆ ጥቁር ኮትና ጥቁር ሱሪ ይለብሳል፤ ለቅሶ ይሂድ፣ ማኅበር ይሂድ፣ ወይም ዝም ብሎ በረንዳ ላይ ይቀመጥ፣ ያው ጥቁሩን ነው። ድመታችን ደግሞ ነጭ ናት። አስቡት እንግዲህ! ፀጉሯ ሶፋው ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይቀር አለ። እሱ መስኮቱ ጋ ቆሞ እጅጌውን ይመረምርና አንዷን በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ያነሳል። «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። እናቴ መለሰችም አልመለሰችም ጥፊው አይቀርላትም። ሁለት ካገኘ ቀበቶውን ይፈታል። አንዴ አንገትጌው ላይ ባገኛት አንዲት ፀጉር ምክንያት የእናቴ የፊት ጥርስ ወልቋል።

«ታዲያ ድመቷን አታባርሩም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ እኔስ መች ጠላሁ! ቤታችን ከእህል መጋዘኖች ጀርባ ነው፤ አይጡ ከሰው ይበዛል። የመኪናውን ሊብሬ እንኳን ከነፕላስቲኩ በልተውበታል። ድመቷ በራሷ እግር ከመጣች ወዲህ ግን አይጥ የሚባል አላየንም። ከሁሉም በላይ አባቴ ይፈራት ነበር። ድመት የገደለ እጁ ይንቀጠቀጣል ይባላል አይደል? እሱ ይህን እንደ ወንጌል ነው የሚያምነው። አንድ ባልደረባው ድመት በጎማ ጨፍልቆ ከዚያ ወዲያ መሪ መያዝ እንዳቃተው እየማለ ያወራል። ስለዚህ መግደሉ ቀርቶ በእርግጫ እንኳን ነክቷት አያውቅም። በር ላይ ተጋድማ ካገኛት ዞሮ ያልፋታል፤ በዚያው እግሩ ገብቶ እናቴን ይረግጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ እኛ ፀጉር ለቀማ ተካንን። በመጥረጊያ መጥረግ ፀጉሩን ከቦታ ቦታ ማዛወር መሆኑን ቶሎ ነው የደረስንበት። ሶፋው ከፋይ ነበር፣ ፀጉሩ ውስጡ ገብቶ እንደ ሙጃ ይተከላል። የዕቃ ማጠቢያ የላስቲክ ጓንት አጥልቀን፣ ውሃ ነካ አድርገን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስንስበው ነው እየተጠቀለለ የሚወጣው። ለኮቱ ሰፊውን ፕላስተር የሚያጣብቀውን ፊት ወደ ውጭ አድርጌ መዳፌ ላይ እጠቀልልና ለጠፍ ነቀል፣ ለጠፍ ነቀል። በበጋ ይብሳል፤ ያ የአዳማ ነፋስ ሁሉን ሲያደርቀው ፀጉሩ ከብርድ ልብሱ አልላቀቅ ይላል። ምንጣፉን አጥር ላይ ሰቅዬ በዱላ እወግረዋለሁ። የማንን ጀርባ እያሰብኩ እንደምወግር እናቴ ሳይገባት አልቀረም። «ቀስ በይ እንጂ፣ ምንጣፉ ምን አደረገሽ?» ትለኛለች።

እሷ በዚህ ሁሉ መሃል አንዲት ክፉ ቃል አትወጣትም። ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩ አንዲት ጎረቤት ነበሩ፤ ኦሮሞ ናቸው፣ ሁላችንም አዴ እንላቸዋለን። «ተይ አንቺ ሴትዮ፣ ለሽማግሌ ተናገሪ፣ ይገድልሻል» ሲሏት እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትላቸዋለች። አይነቅዝም! ጥርስሽ ግን ያልቃል እላት ነበር፣ በሆዴ።

አስራ አንደኛ ክፍል ሆኜ በቃኝ። ያን ጊዜ ከጉዞ ተመልሶ ብርድ ልብሱ ላይ ባገኘው ፀጉር ጆሮ ግንዷን በጥፊ ብሏት፣ እናቴ በግራ ጆሮዋ መስማት አቁማ ነበር። ላናግራት ስፈልግ በቀኝ በኩል መዞር ጀመርኩ። ቀኙስ እስከ መቼ? አንድ ቅዳሜ እሷ ገበያ ስትሄድ ድመቷን ጨምድጄ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኳት። እስከ ክርኔ ድረስ ቧጨረችኝ። እኔም ከነማዳበሪያው ከግድግዳ ጋር አላተምኳት። ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። መንገዱ እንዲጠፋት ማዳበሪያውን ሦስት ጊዜ አዞርኩት፤ ድመት ሲጣል እንደዚያ ነው የሚደረገው። ከዚያ ባጃጅ ይዤ በወንጂ መንገድ ወረድኩ። ባለ ባጃጁ «ዶሮ ነው?» ሲለኝ «ጅብ ነው፣ ዝም ብለህ ንዳ!» አልኩት። ሸንኮራው ዳር ስደርስ አፉን ፈትቼ ደፋኋት። ቆማ አየችኝ። ድንጋይ አንስቼ ስወረውርባት አገዳው ውስጥ ገብታ ጠፋች።

እናቴ ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ምን ጉድ ነው ያመጣሽብኝ?» አለች።

«ገላገልኩሽ» አልኳት። «ድመት ከሌለ ፀጉር የለም። ፀጉር ከሌለ በምን ይመታሻል?»

እጇን ከራሷ ላይ አወረደች። ከዚያ የመጋረጃውን ገመድ መፍታት ጀመረች። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ የሌለውን አወጣን፣ አጠብን፣ አራገፍን። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አላቀን ከጀርባው እፍኝ ሙሉ ፀጉር አወጣን። ማክሰኞ ሰባት ሰዓት ላይ «መተሐራ ገብቻለሁ» ሲመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሮጥንም። እኔ ብቻ አላስችል ብሎኝ የሶፋውን መቀመጫ ለመጨረሻ ጊዜ በውሃ በተነከረ ስፖንጅ ፈተግኩት። «ተይው፣ ንጹሕ ነው እኮ፣ ልትበይው ነው እንዴ?» እያለች እናቴ ሳቀች። የወለቀ ጥርሷን በእጇ ሳትሸፍን ስትስቅ ያን ቀን አየኋት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባ። ተጣጥቦ ጥቁሩን ለበሰና መስኮቱ ጋ ቆመ። ቀኝ እጅጌ። ግራ እጅጌ። አንገትጌ። ጉልበት። ምንም የለም። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁንም የለም። የሶፋውን መደገፊያ በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን አየው።

«ድመቷ የታለች?» አለ።

«ጠፋች» አለች እናቴ።

እኔ ጓዳ በር ላይ ቆሜ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። በቃ፣ ተሸነፈ አልኩ። እሱ ኮቱን አስተካክሎ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ወዲያው ብድግ አለ። እጁን ወደ ኋላው ልኮ ሱሪውን ዳሰሰ፤ ረጥቧል።

ያን ጊዜ ፊቱን አይቼዋለሁ። አልተቆጣም። የጠፋበትን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ዘና ነው ያለው።

«ውሃ ላይ ነው የምታስቀምጪኝ?» አለና ቀበቶውን ፈታ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲመታት አላየሁም። ከወደቀችም በኋላ አልተወም፤ ቀበቶው ሲሰለቸው በእግሩ፣ እግሩ ሲደክመው በቀበቶው። ቀኝ ጆሮዋን በሁለት እጇ ሸፍና ተጠቅልላለች። የምንጣፉን ዱላ አንስቼ ትከሻው ላይ አሳረፍኩበት። ደገምኩት። ስሠልስ ዱላውን አየር ላይ ያዘና ከቁም ሳጥኑ ጋር አላጋኝ፤ ከንፈሬ ተሰንጥቆ አፌ በደም ተሞላ። አዴ በሩን በርግደው «ያ ዋቃ! ሰው ልትገድል ነው?» እያሉ ሲጮኹ ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ። እሱ ቀበቶውን እያሰረ በሰዉ መሃል አልፎ ወጣ፤ ያገደው የለም።

አዴ ከንፈሬን በውሃ ሲያጥቡልኝ እናቴ ግድግዳ ይዛ ተነሳች። ወደ እኔ ስትመጣ ልታቅፈኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። በጥፊ አጮለችኝ። በሕይወቷ መትታኝ አታውቅም ነበር።

«ማን ድመቷን አውጪልኝ አለሽ?» አለች። «ፀጉር ሲሆን እኮ አውቀው ነበር። እለቅማለሁ። ለቅሜ ከጨረስኩ ሳልመታ የማድርበት ቀን አለ። አሁን ምኑን ልልቀምለት?»

እኔ ነኝ ሶፋውን ያረጠብኩት። እኔ ነኝ በምን ይመታሻል ያልኳት።

«ልብስሽን ሰብስቢ» አልኳት በመጨረሻ፣ በቀኝ ጆሮዋ በኩል ዞሬ። «ሻሸመኔ እህትሽ ጋ እንሂድ። አሁን፣ ሳይመለስ»

«ሂጂ እህቴ፣ መናኸሪያ ድረስ እኔ እሸኛችኋለሁ» አሏት አዴም።

እናቴ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ጓዳ ገብታ ደረቅ ጨርቅ ይዛ ወጣችና ሶፋው ሥር ተንበረከከች። እኔ ልብሴን በፌስታል ይዤ በሩን ስወጣ ሶፋውን እያደረቀች ነበር።