የላይኛው አልጋ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ለአገር ቤት ሰዎቼ እንኳ መልእክት የምልከው በሰው አፍ ነው። ይህን ነገር ግን በአፌ ልናገረው ሞክሬ አቅቶኛል። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ኃጢአት ነግሬያቸው ተመልሻለሁ። ስለዚህ ቢታንያ የጣለችው ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ። የሚያነቡት እርስዎ ማን እንደሆኑ አላውቅም። ባላውቅዎት ይሻለኛል፤ ፊትዎን እያየሁ አልችልም ነበር።

እኔ እታለም አስካለን ከቤት አስወጥቻታለሁ። ያስወጣኋትም ዝም ብዬ ነው።

ያን ጊዜ ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነበር። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እትዬ ሰናይትና ባለቤታቸው ጋሼ በተከራዩት ቤት ሁለት ሠራተኞች ነበርን። እታለም አስካለ ልጆቻቸውን፣ ቢታንያንና ናሆምን፣ ከአራስነታቸው ጀምራ ያሳደገች ናት። እኔ ልብስ አጥባለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ሰው ፊት ቀና ማለት አልችልም ነበር። ከደላላ ቤት ያመጣችኝም እታለም ናት። ከእትዬ ሰናይት ጋር መጥታ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከተደረደርነው መካከል "ይቺን ዝምተኛዋን እንውሰዳት" አለች። አንድ ፍራሽ ላይ አብረን እንተኛ ነበር።

በዚያ ዓመት የሚገዙትን ቤት መምረጥ ጀመሩ። እሑድ እሑድ ልጆቹን ጭነው ሲዞሩ ይውሉና፣ ሲመለሱ ማዕድ ላይ ይከራከራሉ። እትዬ ሰናይት ልባቸው ያረፈው ሲኤምሲ በኩል አዲስ በተሠራ ባለ አጥር ግቢ ላይ ነው። ጥሩ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ መዋኛ ገንዳ መሐል ላይ። ቢታንያ ያን ጊዜ በምትማርበት ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አራት ልጅ ይቀመጥ ነበር።

"ትምህርት ቤቱስ ይሁን፤ ገንዳው ለማን ነው? ከመካከላችን መዋኘት የሚችል አለ?" አሉ ጋሼ።

"እኔ እችላለሁ!" አለ ናሆም። አራት ዓመቱ ነው።

"አንተ? ሳፋ ውስጥ ስትገባ እንኳ የምትጮኸው!" አለችው ቢታንያ። ሁሉም ሳቁ። እታለም ዕንባዋ እስኪመጣ ስቃ፣ ልጆቹን እጅ ልታስታጥብ ይዛቸው ወጣች።

እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር። ጋሼ የሠራተኛዋ ክፍል አንዲት ብቻ እንደሆነች፣ እሷም ጠባብ እንደሆነች ተናገሩ። "እንግዲያው የምትሄደው አስካለ ናታ! ልጆቹ ያለ እሷ አይሆንላቸውም" አሉ እትዬ ሰናይት። ሳህኖቹን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ምን ነበር ጥቂት ብቆም?

ዓይኔ ላይ የመጣው ያ አግዳሚ ወንበር ነው። ሦስት ሳምንት ተቀምጬበታለሁ። ሴቶች ይመጣሉ፣ እጅሽን ይገለብጣሉ፣ ጥርስሽን ያያሉ፣ ጥለውሽ ይሄዳሉ።

እታለም የራስ ምታት ነበረባት። በግማሽ ጭንቅላቷ ሲነሣባት ብርሃን ማየት አትችልም። በሻሽ አጥብቄ የማስርላት እኔ ነኝ። የምትታመም ሠራተኛ ማን ያቆያል ብላ ከእትዬ ሰናይት ትደብቀው ነበር። ወደ አዲሱ ቤት ልንገባ አንድ ወር ሲቀር "ትንሽ አሞኛል" ብላ የሰባት ቀን ፈቃድ ጠየቀችና እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል ወጣች።

ያን ጊዜ እንዴት እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ሬዲዮው ስለ ኤድስ ያወራል፤ መድኃኒቱ ለሁሉም ገና አልደረሰም። እገሊት እንጦጦ ጸበል ገባች ከተባለ፣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ሰናይት ኩሽና መጡ።

"ትርንጎ፣ አስካለን ምንድን ነው የሚያማት?"

የራስ ምታት ነው። ሦስት ቃል። አፌ ላይ ነበር። ዝም አልኩ።

"አንቺ ታውቂያለሽ፤ አብራሽ ነው የምትተኛው። እያጎረሰች እኮ ነው ያሳደገችልኝ! እዚያ ደግሞ ገንዳው የጋራ ነው። ጎረቤት ቢሰማ ልጆቼን ያስጠጉልኛል?"

መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

"በቃ፣ በቃ፤ ገባኝ" አሉና ትከሻዬን ያዙኝ።

አልዋሸሁም። አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ግን ዝምታዬ ምን ተብሎ እንደሚተረጎም አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ያለቀስኩትስ ለእሷ ነበር? ለእሷ አይደለም። ለዚያ ወንበር ነው ያለቀስኩት።

ብርጭቆዋን የጣልኩት እኔ ነኝ። አንሶላዋን በበረኪና የዘፈዘፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሰናይት እኔንም አስመርምረው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፃ ነሽ" ሲሉኝ፣ እኔ ነኝ እጃቸውን የሳምኩት።

እታለም በስምንተኛው ቀን ለልጆቹ በጀሪካን ጸበል ይዛ መጣች። እትዬ ሰናይት አልሰደቧትም፤ ክፉ ሰው አይደሉም። በር ላይ ቆመው ለጤናሽ እረፊ፣ አገርሽ ግቢ አሏት። ጀሪካኑን ግን አልተቀበሏትም። ልጆቹን ልሳማቸው አለች። ተኝተዋል አሏት። ናሆም ከውስጥ ሲስቅ ይሰማል። ልብሷን በፌስታል አድርጌ ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ፌስታሉን ስትቀበለኝ አንድ ነገር ነገረችኝ። አልገባኝም። እንድትሄድልኝ ብቻ ፈልጌ "እሺ፣ እሺ" አልኳት።

አዲሱ ቤት የገባን ዕለት የሠራተኛዋን ክፍል ስከፍት ተደራራቢ አልጋ ቆሟል። አዲስ ነው፤ ላስቲኩ አልተገፈፈም። እትዬ ሰናይት ከኋላዬ ቆመው ተነፈሱ።

"አስካለ እኮ ናት ያስገዛችን። ትርንጎን ትቼ የትም አልሄድም፣ አንዱ ባንዱ ላይ ከሆነ ለሁለታችን ይበቃናል ብላ፣ ጸበል ሳትሄድ በፊት ስትነዘንዘን ከርማ ነበር" አሉ።

ስምንት ዓመት ሆነኝ። ምርጫቸው ጥሩ ነበር። ቢታንያ ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ናሆም እንደ ዓሣ ይዋኛል። ሠራተኛ ገንዳው ውስጥ እግሯን አታስገባም። እኔ ዳሩ ላይ ፎጣ ይዤ እቀመጣለሁ። ቀና ስል ከአጥሩ በላይ እንጦጦ ይታየኛል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የት ነው የምትሄጂው ይለኛል። የት እሄዳለሁ? እውነቱን ብናገር ወንበሩ ይጠብቀኛል። ባልናገር ደግሞ እትዬ ሰናይት "የኔ ታማኝ" እያሉ ለእንግዳ ያሳዩኛል። ጓዳ የምገባው አሁን ሰው አፍሬ አይደለም።

አንድ የዕረፍት ቀን ኪዳነ ምሕረት ወጥቼ ጧፍ የሚሸጡ አንድ እናት ጠየቅኩ። አስታወሷት። ሥራ ብትፈልግ፣ የሰፈሩ ሴቶች ተደዋውለው ማንም በር አልከፈተላትም አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አላዩዋትም።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ፈርቼ ነው አልልም፤ እሷም ፈሪ ነበረች፣ ግን እኔን አልተወችኝም። እርስዎንም ይቅር በሉኝ አልልዎትም። ይቅር ማለት የምትችለው አንዲት ሴት ናት፤ የት እንዳለች አላውቅም።

ከታችኛው አልጋ ላይ ነው የምተኛው። የላይኛውን አንሶላ በየሳምንቱ አጥቤ መልሼ አነጥፈዋለሁ። ማንም ተኝቶበት አያውቅም። ያን ቀን በር ላይ፣ ፌስታሏን በአንድ እጇ፣ ጀሪካኑን በሌላው ይዛ ያለችኝ ይህን ነበር፤

"ትርንጎዬ፣ አንቺ ከላይ ተኚ እሺ? ከታች ብርድ አለው።"