እጅግ ከፍተኛ ቁርጠኞች

ሮቤ ላይ የሶፍትቦል አሰልጣኝ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ግርማ የመጫወቻውን ዱላ እንደ ከዘራ ተደግፈው ረጅም ንግግር አደረጉ። ጨዋታው ኳሷን በዱላ መትቶ ማረፊያዎቹን በሩጫ መዞር ነው። የሜዳው ጥበቃ አባባ ሁሴን ግን ለአፍታ አዩንና "ይሄማ የገና ጨዋታ ነው፤ ወሩን ስታችሁ ነው እንጂ" አሉ።

ልጆቹን በችሎታ ልከፍላቸው አስቤ ነበር። አቶ ግርማ ከስብሰባ አዲስ ቃል ይዘው መጡ።

"በቁርጠኝነት ይደራጁ!"

ሦስት ቡድን አወጣሁ። በየማለዳው የሚለማመደውን "ቁርጠኛ"፣ አልፎ አልፎ የሚመጣውን "መካከለኛ"፣ ቅዳሜ ብቻ የሚጫወተውን "ለመዝናናት" አልኩት።

በማግስቱ ወላጅ ቢሮውን ሞላው። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ "የኔ ልጅ ነው ለመዝናናት? በሰው ፊት?" ብለው አለቀሱብኝ። አቶ ግርማ ስሞቹን ቀየሩ። የቅዳሜው ቡድን "ቁርጠኛ"፣ መካከለኛው "ከፍተኛ ቁርጠኛ"፣ የማለዳው "እጅግ ከፍተኛ ቁርጠኛ" ተባለ። የራሳቸውን ልጅ ናትናኤልን እላይኛው ውስጥ አስገቡት። ወላጁ መርቆን ተበተነ። ልጆቹን የጠየቀ አልነበረም።

የሮቤ የማለዳ ብርድ ሹመት አያውቅም። ከላይኛው ቡድን የማይቀረው ናትናኤል ብቻ ነበር፤ እሱንም አባቱ በመኪና አምጥተው ስለሚያራግፉት ነው። የቅዳሜዎቹ ግን ዝናብም አይመልሳቸው። ከመካከላቸው ሃዊ የምትባለው ልጅ ጭቃ በጭቃ ሆና ስትስቅ መንገድ ድረስ ትሰማለች።

ከጎባ ልጆች ጋር ለሐሙስ ግጥሚያ ተያዘ። ዋዜማው ላይ የላይኛው ቡድን አልሞላ አለ። አቶ ግርማ "ከታች አምጣ!" ብለው ደነፉ። ሃዊ ቤት ሄድኩ፤ ገብስ ስታበጥር አገኘኋት።

"ኮች፣ ሐሙስ እኮ ገበያ ነው፤ ከእናቴ ጋር እሸጣለሁ። እኔ ቃል የገባሁት ለቅዳሜ ነው።"

"ግጥሚያው ሊሰረዝብን ነው።"

"ታዲያ ቅዳሜ ይምጡና እንጫወታ!"

ሌላ መላ ስላልነበረኝ ለጎባው አሰልጣኝ ደወልኩ። "ተመስገን! የኛም አልሞላም ነበር" አለኝ።

ቅዳሜ ተጫወትን፤ ተሸነፍንም። ናትናኤል ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷን አጥር አሻግሮ መታት። ሲያበቃ አባቱ ዘንድ ሮጠ።

"አባዬ፣ ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ብቻ ልምጣ?"

"ዝቅ ልትል?"

"ልጫወት።"

አቶ ግርማ ግራ ቀኙን ቃኙና ድምፃቸውን ቀነሱ። "እሺ። ሰው ከጠየቀህ ግን እጅግ ከፍተኛ ነኝ በል።"

ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣ በሳምንት ስንት ቀን መጫወት እንደሚፈልግ ራሱን እጠይቀዋለሁ። አባትየው አጠገቡ ከቆሙ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ውሃ እንዲያመጡልን እልካለሁ።