የሌሊት ወፎቹ ሲወጡ

ደሴ ከምኖርበት ቤት ቆርቆሮ ሥር የሌሊት ወፎች ሰፍረዋል። ጎረቤቶቼ አይወዷቸውም፤ አንዷማ በረኪና እንድረጭባቸው መክራኛለች። እኔ ግን አመሻሽ ላይ ሲወጡ ያ የክንፋቸው ድምፅ፣ እርጥብ ነጠላ ሲራገፍ የሚሰማው ዓይነት፣ ጆሮዬ ጥልቅ ሲል የያዝኩትን ሥራ እተዋለሁ። ደረቴ ቀለል ይለኛል። ሰው የሚሸሸው ድምፅ እኔን ለምን እንደሚያሳርፈኝ ልንገራችሁ።

ፈሪ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ነው። በዚያ አገር ማሽላ የሚከማቸው መሬት ውስጥ ነው፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ። እህሉ ሲያልቅ ጥርጊውን የሚያወጣ ቀጭን ልጅ ይፈለጋል። ጉድጓዱ ተከፍቶ ሲናፈስ ይውልና ልጅ ይወርዳል። በቤታችን ቀጭኗ እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ከታች ሆኜ እያፈስኩ ሳለ ድንገት ዝናብ ጣለ። ከላይ የነበሩት ጉድጓዱ ውሃ እንዳይገባው ተሯሩጠው ድንጋዩን ገጠሙት፣ አፈርም አለበሱት። አንዱ ልጅቷን አውጥቷታል ብሎ ሌላው አመነ፤ ሁሉም ተማምነው ወደ ቤት ገቡ።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የኮመጠጠው የማሽላ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከጨለማው ይልቅ ያስጨነቀኝ ከላይ ቀን ይሁን ማታ፣ ሰው ይኑር አይኑር ምንም የማይታወቅ መሆኑ ነበር። እናቴ እራት ስታቀርብ "ልጅቷስ?" ብላ ባትጠይቅ ኖሮ ይህን ለማውራት አልተርፍም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለ መብራት አልተኛም። መሰናዶ ትምህርት ቤት ስገባ መካነ ሰላም ውስጥ ከአንዲት የወግዲ ልጅ ጋር ክፍል ተከራየን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ከሥጋው በቀር ድስታችን አንድ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ደጅ እሮጣለሁ፤ ዝናብም ቢሆን እዚያው ቆሜ እመታለሁ። አከራያችን መጀመሪያ አዘኑልኝ፣ ኋላ ግን በር ከፍቼ በወጣሁ ቁጥር መነሣቱ ሰለቻቸው። እኔም በራሴ ተማረርኩ። ትምህርቱ ይቅርብኝ ብዬ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ተቀምጬ ሳለ አጎቴ መጡ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሽንኩርት ያለማሉ፤ ለማሳቸው የሌሊት ወፍ ኩስ የሚዝቁት ደግሞ ከአንድ ጥልቅ ዋሻ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችን እዚያ ዋሻ ውስጥ አድሮ መጨረሻውን ለማየት ሲለምናቸው ከርሞ፣ በዚያው ሳምንት ሊገቡ ተቀጣጥረዋል። አጎቴ ጥቅልሌን አዩትና "ለምን አብረሽን አትገቢም?" አሉኝ። ያሾፉብኝ መሰለኝ።

"አንቱ፣ እኔ እኮ እቤት ውስጥ እንኳ..."

"አውቃለሁ። መመለስ ባሰኘሽ ሰዓት ሁላችንም እንመለሳለን። ከዚያ ወዲያ እናትሽ ዘንድ ራሴ አደርስሻለሁ፣ ተማሪ ብዬም አልጨቀጭቅሽም።"

ረመዳን ነበር። መምህሩ ክርስቲያን ስለሆነ ቀኑን ሲቆርጥ ልብ አላለውም፤ ሲነገረው አፈረና እንተወው አለ። አጎቴ ግን ክረምት ከገባ ዋሻውን ውሃ ስለሚሞላው ሌላ ጊዜ የለም አሉ። መንገደኛ እንዲጾም እንደማይገደድም ነገሩኝ። እኔ ጾሜን አልተውኩም። እውነቱን ለመናገር፣ አላህ በዚያች ቀን ለይቶ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር።

አራት ሆነን ገባን፤ አጎቴ፣ መምህሩ፣ አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬና እኔ። መንገዱ ውሃ ስላለበት ስልኮቻችንን ዋሻው አፍ ላይ ለሚጠብቀን ለአጎቴ ጎረቤት ተውን። ውሃው እስከ ወገብ ነበር፣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። የመምህሩ የእጅ ሰዓት እዚያው ነፍሷ ወጣች። ከውሃው ወዲያ በደረት እየተሳቡ የሚያልፉበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። እሱን ያለፍኩት ዓይኔን ከአጎቴ የተሰነጠቀ ጫማ ላይ ሳልነቅል ነው። ጓደኛዬ ከእኔ በለመደችው መሐላ ከኋላዬ ስታጉረመርም ይሰማኛል፦ "ወላሂ፣ ካንቺ ጋር ክፍል መከራየት እዚህ ያደርሰኛል ብዬ አላሰብኩም።"

ቀዳዳው የሚያወጣው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ነው። የግንባራችን ባትሪ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። የሆነ ቦታ ውሃ ይንጠባጠባል። ሽታው የማሽላ አልነበረም፣ የኩስና የእርጥብ ድንጋይ ነበር፤ አየሩ ግን ያው የጉድጓዱ አየር መሰለኝ። ያለፍንበት ቀዳዳ ከኋላችን የተደፈነ ያህል ተሰማኝ። ቁጭ አልኩ።

"እመለሳለሁ" አልኩ።

ማንም አልተቆጣኝም። መምህሩ የዘረጋውን ሜትር መጠቅለል ጀመረ፣ ፊቱን እንዳላይበት ዞር ብሎ። አጎቴ ግን ሳይቸኩሉ ከጎኔ ተቀመጡ።

"አብሽሪ፣ እንመለሳለን። ብቻ በባዶ ሆድሽ ያንን ውሃ አትሻገሪም። መግሪብ ተቃርቧል፤ አፍጥረን እንሂድ።"

"መግሪብ መድረሱን እዚህ ሆነን በምን እናውቃለን?" አለ መምህሩ፣ የሞተች ሰዓቱን እያየ።

አጎቴ በጣታቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። "እነሱ ይነግሩናል። መብራት ግን አይወዱም።"

ሦስቱ ባትሪዎች ተራ በተራ ጠፉ። የኔ ብቻ ቀረች። አጥፊ ያለኝ የለም። ጠበቁኝ፤ ያቺ አፏ የማያርፍ ጓደኛዬ እንኳ። እጄን ወደ ግንባሬ ሰድጄ ብዙ ጊዜ መለስኩት። በመጨረሻ አጠፋኋት።

እንደዚያ ያለ ጨለማ ከጉድጓዱ ወዲህ አላየሁም። ጓደኛዬ እጄን ፈልጋ ያዘችኝ፤ የሷም ላብ በላብ ነበር። "ቆዩ" አሉ አጎቴ በሹክሹክታ። እኛ ሦስታችን ገና ምንም አልሰማንም።

ከዚያ ከአዳራሹ ማዶ አንድ መንኮሻኮሽ ተነሣ። እየበዛ፣ እየቀረበ መጣና በላያችን ነጎደ። ንፋሳቸው ፊቴን መታው፣ ፀጉሬን አነሣው። መጮህ ነበረብኝ፤ አልጮህኩም። ምክንያቱም ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር የሚሄዱት፤ እኛ ወደ መጣንበት። ውጪ ፀሐይ ገብታለች፣ እነሱ ይህን እዚህ ሆነው አውቀዋል፣ እየወጡም ነው። ይህ ቦታ ክዳን የለውም አልኩ በልቤ። ማንም መጥቶ ሊዘጋብኝ አይችልም። ያኔ ነው ከዚያ ከማሽላው ጉድጓድ ጀምሮ የያዝኩትን ትንፋሽ የለቀቅሁት። እንባዬም አብሮ መጣ፤ ደግነቱ ጨለማ ነው።

አጎቴ መዳፌ ላይ ተምር አኖሩ። "ቢስሚላህ በይ።" ሌሎቹም ይዘውት የመጡትን ዳቦ ሲቆርሱ ሰማሁ። መምህሩና ጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር፤ አንድም ቃል ሳይናገሩ ከኛ ጋር ጾመው ውለዋል። እንደዚያ የጣፈጠ ዳቦ አላስታውስም።

"እንግዲህ እንመለስ?" አሉ አጎቴ።

"ነገ" አልኩ።

እዚያው ብርድ ልብስ አንጥፈን ተኛን፤ ባትሪዬን ሳላበራ። አጎቴ እንደ ልማዳቸው ነቅተው ለሱሁር ሲቀሰቅሱኝ ጓደኛዬ እያንኮራፋች ነበር። በልተን ብዙም ሳንቆይ የሌሊት ወፎቹ እየተንጫጩ ተመለሱ፤ መንጋቱን በዚያ አወቅን። ከዚያ እስከ መጨረሻው ሄድን። መጨረሻው ግድግዳ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። መምህሩ ግን ውድ ነገር እንዳገኘ ሰው ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰው።

ስንወጣ ብርሃኑ ዓይናችንን አሳወረን። ከሁሉ አስቀድሞ የሸተተኝ በፀሐይ የሞቀ ሣር ነው። የአጎቴ ጎረቤት ስልኮቻችንን እየመለሰ "ትናንት የመግሪብ አዛን ሳያልቅ የሌሊት ወፎቹ በላዬ ላይ ነጎዱ፣ በድንጋጤ ኮዳዬን ጣልኩ" አለ። አጎቴ እኔን አይተው ፈገግ አሉ። ክፍላችን ስደርስ ጥቅልሌን ፈትቼ ልብሴን ምስማር ላይ ሰቀልኩ። ተማርኩ። ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ።

አጎቴ አሁን አርጅተዋል። ያ ከሁላችን ቀድሞ የሰማ ጆሯቸው ከድቷቸዋል። ደሴ ከገባሁ ወዲህ በረመዳን የመጀመሪያ ማታ ስንደዋወል "ወጡ ወይ?" ይሉኝ ነበር፤ "ወጡ" እላቸዋለሁ፤ ሌላ ብዙ ወሬ የለንም። ዘንድሮ ስደውል ስልኩን ያነሡት ባለቤታቸው ናቸው።

"አይሰማሽም እኮ ልጄ፣ ምን ልበለው?"

"ወጡ በሉልኝ።"

ጆሯቸው ሥር ሆነው ሲጮሁላቸው ሰማሁ። ደግመው ጮሁ። ከዚያ የአጎቴ ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ "መብራቷንስ አጠፋች?"

ወጥ ቤት ቆሜ ነበር፣ አምፖሉ በርቷል። እጄን ወደ ማብሪያው ሰደድኩ።

"አጥፍታለች በሏቸው" አልኩ።