አያቴ እንግዳ የሆኑበት ፋሲካ

አያቴን ለፋሲካ ዲላ እናምጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ። የአባቴ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይርጋጨፌ አጠገብ ባለችው ኮንጋ፣ በቡናና በእንሰት መሃል ኖረው፣ በስተርጅና ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተሸፈኑ። ሐኪም ቤት ወስደናቸው ነበር፤ አንደኛው ዓይን ጊዜው አልፎበታል ተባለ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ራሳቸው «ይቅር፣ የማየውን አይቻለሁ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ኮንጋ አብሯቸው የሚኖረው አጎቴ ነው። በዓልን እዚያ ጭቃ ውስጥ ከሚያሳልፉ ከተማ መጥተው ይረፉ፣ እኛም እንንከባከባቸው ብዬ አባቴን ጨቀጨቅኩት።

አባቴ መኪና ተኮናትሮ አመጣቸው። አዲስ ጋቢ አለበስናቸው፣ ሳሎን ውስጥ ምቹውን ሶፋ ሰጠናቸው፣ ጥርስ ስለሌላቸውም ሥጋው ለብቻ ተፈጭቶ ተሠራላቸው። ጎረቤት እየመጣ ጉልበታቸውን ይስምና፣ «እንኳን አደረስዎ» ብሎ ወደ ጓሮ ያልፋል። ጨዋታውም ሳቁም ጓሮ ነበር። እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጋር ቀሩ።

ምግባቸውን ሳቀርብላቸው፣ «በጉን ማን አረደው?» አሉኝ።

«ሰው ጠርተን አሳረድን፣ አባባ።»

«ኩላሊቱን ስብ ሸፍኖታል?»

«አላየሁም።»

ሳህኑን በእጃቸው ዳብሰው መብላት ጀመሩ። አመሻሽ ላይ አባቴ፣ «አባዬ፣ በዓሉ ደስ አለዎት?» ሲላቸው፣ «እግዜር ይስጣችሁ፣ እንግዳ መቀበል ታውቃላችሁ» አሉት። አባቴ ምርቃት መስሎት አሜን አለ። እኔ ግን «እንግዳ» ማለታቸው ከንክኖኝ ወጥ ቤት ገብቼ ብዙ ቆየሁ። በማግስቱ ጠዋት ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። «ቤቴ አድርሱኝ» አሉ።

በዓመቱ እኛው ሄድን። ከዲላ ይርጋጨፌ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር። ዝናቡ ገብቶ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፤ አባቴ ከሞተሩ ወርዶ የበዓል ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የደረሰው።

በአጎቴ ሰፈር ለፋሲካ ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንድ በሬ በቅርጫ ያርዳሉ። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመደባል፣ ከዚያ እጣ ይጣላል፣ ሁሉም የደረሰውን ይዞ ይገባል። ዓይናቸው ደህና ሳለ መዳቢው አያቴ ነበሩ። ልጅ ሆኜ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ከአንዱ ቆርጠው ሌላው ላይ ሲጨምሩ፣ ከዚያ ራቅ ብለው ቆመው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲመረምሩ አይቻቸዋለሁ። አነሰኝ የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አሁን ሥራው የአጎቴ ሆኗል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና አያቴ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ውጭ ድምፅ ከፍ ከፍ አለ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አሉኝ።

«አንዱ ጎረቤት መደቡ እኩል አይደለም እያለ ነው።»

ትንሽ አዳመጡ። ጎረቤትየው አጎቴን፣ «አምናም እንዲሁ ነው ያደረግከን! የዚህ መደብ ጉበት የት ገባ?» ይለዋል። አጎቴ ደግሞ፣ «በትንሣኤ ቀን ሌባ ልታደርገኝ ነው?» እያለ ይጮኻል።

«አንሺኝ» አሉ አያቴ።

ክንዴን ይዘው ሲወጡ ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። አጎቴ፣ «አባዬ፣ ጭቃ ነው፣ ይግቡ» ቢላቸውም ወደ ሥጋው ተጠጉ። ውሃ አስመጥተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ከዚያ ጎንበስ ሲሉ፣ እጃቸውን ይዤ የመጀመሪያው መደብ ላይ አሳረፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ የእኔ እርዳታ አላስፈለጋቸውም። በጣታቸው ሽንጡን ከጎድኑ፣ ስቡን ከቀዩ እየለዩ፣ «እዚህ አጥንት በዝቷል፣ ከዚያ ጨምሩበት» እያሉ ከመደብ መደብ ተሻገሩ። አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከጨጓራው ሥር እጃቸውን ሰድደው አንድ ቁራጭ ጉበት አወጡ፣ መልሰው ሰደዱና ሌላ ደገሙ።

«እዚህ ሁለት ጉበት አለ።»

አጎቴ ደነገጠ። «አባዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ አላየሁትም!»

«እኔም አላየሁትም» አሉ አያቴ።

መጀመሪያ የሳቀው ያ የተቆጣው ጎረቤት ነው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ አጎቴም እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጉበቱ ወደ ጎደለው መደብ ተመለሰ። እጣው ሲሰበሰብ፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር እያመጣ በአያቴ መዳፍ ላይ አኖረ። የትኛው የማን እንደሆነ ስለማያዩ ከእሳቸው የተሻለ እጣ ጣይ ከየት ይገኛል? አንድ በአንድ በየመደቡ ላይ አስቀመጡ። ያ ጎረቤት ድርሻውን ካነሳ በኋላ ጉልበታቸውን ስሞ፣ «ለከርሞም እርስዎ ነዎት» አላቸው። በዚያን ቀን አያቴ ሁለት ጊዜ ጨምረው በሉ፣ ስለ ድሮ በሬዎችም እስኪደክማቸው አወሩን።

ከዚያ በኋላ ሦስት ፋሲካ አብረን ዋልን፤ አራተኛው ሳይደርስ አረፉ። ስለ እሳቸው ሳስብ ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ ያ የመጨረሻው ፋሲካ ነው። መቆም ስላቃታቸው አባቴና አጎቴ ከነወንበራቸው ተሸክመው ደጅ አወጧቸው። መዳሰሱ አልሆነላቸውም፣ እጣውን ብቻ ጣሉ። ቀኑ ብራ ነበር። ሰዉ ሥጋውን እያነሳ ሲንጫጫ፣ ልጆች ሲሯሯጡ፣ እሳቸው ራሳቸውን ወንበሩ ላይ ጣል አድርገው ያንቀላፉ መሰሉ። አጎቴ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ልጆቹን «እሽሽ!» አላቸው፣ ግቢውም ጸጥ አለ።

አያቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ለምን ዝም ታሰኛቸዋለህ?» አሉት። «እየሰማሁ እኮ ነው።»

ልጆቹ ሌላ ፈቃድ አልጠበቁም።