ሞዴል ቡድን

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የአንድ ለአምስት ቡድናችን መሪ ነበርኩ። ሥራዬ በውጤት ከእኔ ዝቅ ያሉትን አራት ልጆች ማስጠናት ነው። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስናገር ትንፋሽ ያጥረኛል። ስለዚህ አላስጠናኋቸውም። የቤት ሥራውን ሠርቼ ደብተሬን እሰጣቸዋለሁ፤ ይገለብጣሉ። መምህራችን የአምስታችንም ደብተር ሙሉ ሆኖ ሲያገኘው ደስ አለውና ስማችንን «ሞዴል ቡድን» ብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው።

ከአራቱ አንዷ አጠገቤ የምትቀመጥ ጓደኛዬ ነበረች። እሷን መገልበጥ ብቻ አያረካትም። ጣቷን መስመሩ ላይ ታደርግና፣

«ይቺ ደግሞ ከየት መጣች?» ትለኛለች።

«ጻፊው፤ በኋላ አስረዳሻለሁ።»

«ይቺ በኋላሽ መቼ ነው የምትደርሰው ወላሂ?» ብላ ትስቃለች። ከዚያ ትጽፋለች።

የዓመቱን መጨረሻ አገር አቀፍ ፈተና ካላለፈች አረብ አገር፣ አክስቷ ዘንድ እንደምትሄድ ነግራኛለች። ፓስፖርቷም ወጥቶ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው «በኋላ» ስላት የከረምኩት።

ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ ተራርቀን ተቀምጠን ወሰድን። እዚያ ደብተሬ አልነበረም። ውጤት ሲመጣ ከቡድናችን ያለፍኩት እኔ ብቻ ሆንኩ። ጓደኛዬ ቤታችን ድረስ መጥታ አቀፈችኝና፣ «አብሽሪ፣ አንቺ እንኳን አለፍሽልን» አለችኝ። እሷ እኔን አጽናናችኝ። ክረምቱ ሳያልቅ ሄደች።

ተመርቄ ወደ ከተማችን ሐይቅ ከተመለስኩ በኋላ የድሮ ትምህርት ቤቴ ርዕሰ መምህር አስጠሩኝ። የሚያልፈው ተማሪ በጣም ጥቂት ስለሆነ ልጆቹ ተስፋ ቆርጠዋል አሉ። «ቡድንሽን እንዴት ታስጠኚ እንደነበር ጠዋት ሰልፍ ላይ ንገሪልን።» እውነቱን ለመናገር ወሰንኩ። በማግስቱ ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ቃላቱን እየደረደርኩ ሄድኩ። ሰንደቅ ዓላማው ተሰቅሎ ማይኩን ሲሰጡኝ ግን ከአፌ የወጣው «ተጋግዘን ነበር የምናጠናው» የሚል ነው። ተጨበጨበልኝ።

ሰልፉ ሲበተን አንዲት ሂጃብ ያደረገች ልጅ ተከተለችኝ። የጓደኛዬ ታናሽ እህት ናት፤ ዘንድሮ ተፈታኝ።

«እህቴ በደወለች ቁጥር ‹እሷን ፈልጊያት፣ እኔንም ያስጠናችኝ እሷ ናት› ትለኛለች» አለችና ከቦርሳዋ የሒሳብ ወርክሺት አወጣች። አንዱ ጥያቄ ባዶ ነበር።

ጓደኞቿ ቆመው ያዩናል። ጆሮዬ ጋለ። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ መልሱን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ጽፌ መለስኩላት።

«አላህ ይስጥሽ እትዬ» አለች። ወረቀቱን ትንሽ ካየችው በኋላ ጣቷን ሦስተኛው መስመር ላይ አደረገች። «ይቺስ እንዴት መጣች?»

«በኋላ አስረዳሻለሁ» አልኳት።

እህቷ ስቃ ነበር። ይቺ አልሳቀችም፤ አመነችኝ። «እሺ» ብላ ወረቀቱን እንዳይታጠፍ ተጠንቅቃ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው፤ ወደ ክፍሏም ሮጠች።

ስልክ ቁጥሬን እንኳ አልሰጠኋትም። የሚጠብቀኝ ባጃጅ አልነበረም፤ የሚያስቸኩለኝም ጉዳይ አልነበረኝም።