ከፍሪጁ የጠፋው የእናቴ ጆሮ

አሰላ ውስጥ እኔ ያላስነሳሁት ፍሪጅ የለም። ማንም አላስተማረኝም፤ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። አንዱ ብቻ እምቢ አለኝ። እሱንም ግቢያችን በር አጠገብ አቁሜ የዕቃ መቀበያ አደረግኩት። ስድስት ቤት ተከራዮች ነን። በቴሌግራም ያዘዝነው ዕቃ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ይመጣል፣ ባጃጅ ከመናኸሪያ ያደርሰዋል፣ ሰው ከሌለ ፍሪጁ ውስጥ ይቀመጣል። ቁልፍ የለውም። "የሞተ ፍሪጅ ማን ይከፍታል?" እያልኩ እኮራበት ነበር።

በዚህ ክረምት ለእናቴ ጆሮ ላይ የሚሰካ መስሚያ አዘዝኩ። ጮሌ ከተማ ያለችው እህቷ አልጋ ከያዘች ወራት ሆኗታል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ እንደሌላት ነግሮናል። እናቴ ለመንገዱ ጉልበት የላትም። በየእሁዱ በስልክ ይገናኛሉ፤ ግን የአንዷ ድምፅ ደክሟል፣ የሌላዋ ጆሮ ደክሟል። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ "እሺ፣ እሺ" ስትል ትቆይና፣ ሲዘጋ ወደኔ ዞራ "ምን አለች?" ትለኛለች።

እኔ መቼ አፌ ያርፋል! "ለእናቴ አዲስ ጆሮ ገዛሁላት፤ ጉንዳን ሲያስነጥስ ያሰማል!" እያልኩ ግቢውን አዳረስኩት።

ቅዳሜ የባጃጁ ሰውዬ ደወለና "ፍሪጅህ ውስጥ አስገብቼዋለሁ" አለኝ። ከሥራ ስመለስ ፍሪጁ ባዶ ነው።

"መጣ?" አለችኝ እናቴ።

"ነገ!" አልኳት። ለእናቴ መዋሸት ከባድ ነው፤ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

ከዚያ ደሜ ፈላ። መሐል ግቢ ቆሜ "ቤት ለቤት ይፈተሽ!" አልኩ። የግቢያችን ሽማግሌ፣ ድሮ ሳጉሬ ከተማ እህል ይነግዱ የነበሩት፣ ከበራቸው ብቅ አሉ።

"አንተ ፖሊስ ነህ እንዴ? ፍሪጅ ጠጋኝ መስለኸኝ!"

"አባባ፣ የእናቴ ነገር እኮ ነው! እርስዎ ቢሆኑስ?"

"ኦብሲ! ታገስ። ብትፈትሽ ዕቃህን ታገኝ ይሆናል፤ ጎረቤትህን ግን ታጣለህ። የድሮውን እናድርግ።"

የድሮው እንዲህ ነው። ሁሉም ቤት አፈር ይቋጥርና በየተራ ሄዶ አንድ ቦታ ያኖራል። የወሰደው ሰው በአፈሩ ፋንታ ዕቃውን ይቋጥራል። የማን እንደሆነ አይታይም፤ ከተገኘም በኋላ አይጠየቅም።

ሽማግሌው አንድ ዓይነት ጥቁር ፌስታል አደሉን። እሁድ ጠዋት በራችንን ዘግተን አንድ በአንድ ወደ ፍሪጁ ሄድን። እኔ የተሰረቅኩትም ጭቃዬን ቋጥሬ ሄድኩ። ተመልሼ በሬን ዘግቼ፣ ጭቃው ላይ ጧ ጧ የሚለውን የሰው ኮቴ ሳዳምጥ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ሽማግሌው ፌስታሎቹን ሁላችን ፊት ፈቱ። ጭቃ። ጭቃ። ጭቃ። አራተኛውም ጭቃ። አምስተኛው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ካርቶን ወጣ። አንዱ "ተመስገን"፣ አንዱ "አልሐምዱሊላህ" አለ። ማንም የማንንም ፊት አላየም።

"አለቀ" አሉ ሽማግሌው። "ወሬውም አብሮ አለቀ።"

ቤት ገብቼ ከፈትኩት። መስሚያው ጆሮ ውስጥ የምትገባ ጎማ አለችው፤ ሦስት ልክ ነው የሚመጣው። የተገጠመችው ትንሿ ነበረች፣ ምስር የምታክለው። የአዋቂ ጆሮ ላይ አትቆምም። ሲልኩት የተገጠመው መካከለኛው እንደሆነ በፎቶው አይቻለሁ። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ስትጠራ ዞር የማትል አንዲት ሕፃን ብቻ ናት ያለችው፤ ከግድግዳችን ወዲያ፣ እናቷ ብቻዋን የምታሳድጋት።

ጎማዋን ነቀልኩ። ከዚያ ትልቁን ገጠምኩና ለእናቴ ሰካሁላት።

ከሰዓት ከጮሌ ተደወለ። እናቴ አወራች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች። ሲዘጋ እኔን አልጠየቀችኝም። "እናታችንን በሕልሟ አይታታለች" ብላ ራሷ ነገረችኝ።

መስሚያውን አላወልቅ አለች። ትንሽ ቆይቶ ግድግዳውን ጠቆመችኝ።

"ይቺ ሴትዮ ልጇ ምን አድርጋት ነው እንዲህ የምትጮህባት?"

"እየተቆጣቻት አይደለም እማዬ። እያጫወተቻት ነው።"

እናቴ ጆሮዋን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። "አትሰማም እንዴ ልጅቷ?"

"አትሰማም።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ለሷም እዘዝላት እንጂ!"

"እሺ" አልኩ። ማዘዙስ ቀላል ነው፤ በዚያው ቀን አዘዝኩት። የከበደኝ አሰጣጡ ነው፤ እንዳወቅኩባት ሳታውቅ እንዴት እንደምሰጣት። ይኸው መስሚያው ከመጣ ሳምንት አለፈው፤ እኔ ወሬኛው፣ በሯ ድረስ እሄድና የምለው ጠፍቶኝ እመለሳለሁ።