የዓለሚቱ ሳንባና የጓዳችን ጭስ

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ዝምታ ነው። ባለቤቴ ዓለሚቱ እንጨት ተሸክማ ከጫካ ስትወርድ ድምፅዋ ቀድሟት ነበር የሚደርሰው። በዚያ ክረምት ግን በየመንገዱ ሸክሟን እያሳረፈች፣ ቃል ሳትተነፍስ ትገባ ጀመር። ከዚያ ሳሉ መጣ።

የምንኖርበት አያት ሰፈር ያኔ ገና እርሻ ነው። የሰፈራችን ሴቶች ከአቀበቱ ጫካ የወይራና የጥድ ጭራሮ ለቅመው ላምበረት ገበያ ወርደው ይሸጣሉ። ለሳል ደግሞ መድኃኒቱ የወይራ ጭስ መሞቅ ነው ይላሉ። ጓደኛዋ ጫልቱ ወይራውን አጨሰች። ዓለሚቱን ጋቢ አከናንበው ጭሱ ላይ አስቀመጧት። በፍቅር ነው ያደረጉት።

ከንፈሯ ጠቆረ። ደረቷ አፏጨ። መናገር አቃታት።

መኪና የሚገኘው አስፋልቱ ላይ ነው። ሴቶቹ በእንጨት ማሰሪያ ገመዳቸው ጫልቱ ጀርባ ላይ አሰሯት። እየተቀባበሉ ወረዱ። እኔም ልሸከም ብል ጫልቱ፣ "አንተ ቁልቁለቱን ራስህን ቻል" አለችኝ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰኩላት። ኤክስሬይ ተነሣች። ቲቢ አይደለም፣ ክሮኒክ ብሮንካይትስ፣ ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ሕመም ነው አሉን። ትንፋሿ መለስ ሲል ሐኪሙ፣ "ሲጋራ ታጨሻለሽ?" አላት።

"እኔስ አላጨስም፤ ቤቴ ነው የሚያጨሰው።"

"ምንድን ነው የምታነጂው?"

"እርጥቡን ነዋ። ደረቁ ይሸጣል።"

ሐኪሙ አልሳቀም። "ጭስ መሞቅ ይቅር። እርጥብ እንጨትም ቤትሽ አይግባ። ያለዚያ ሌላ ጊዜ እዚህ ሳትደርሺ ትቀሪያለሽ።"

ቤት ስንገባ ምድጃውን ከጓዳ አውጥቼ ደጅ ዳስ ሥር ተከልኩት፣ የጭቃውንም ግድግዳ በስቼ መስኮት አወጣሁለት፤ እሷም ግቢ ተቀምጣ የኔን ወጥ ውሻ እንኳ አይቀምሰውም እያለች፣ መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ኋላም እስከ ጫልቱ ደጅ ቀስ እያለች መራመድ ጀመረች፣ እኔም የተቆጣሁ መስዬ ስድቧን እየጠገብኩ ከረምኩ።

ሳንባዋ እንደ ድሮው አልሆነም፤ አይሆንምም። ሸክም ትታለች። ጫልቱና ጓደኞቿ ግን ከገበያው እየቀነሱ ደረቅ ወይራ በራችን ላይ ጥለው ያልፋሉ። እኔ ሰው ማመስገን አልወድም። እነሱን አመስግኜ አልጨረስኩም።

ቤታችሁ የምትስል ሴት ካለች ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፤ ጭሱ ይቅርባችሁ። ደረቁን ለራሳችሁ አንድዱ። ከተሜው እርጥቡን ይግዛ፤ እሱ ቤት መስኮት ሞልቷል።